ከማን ጋር ልጫወት?

(በማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ በዓል ላይ ከምሳ በኋላ የቀረበ ንግግር)



ከምሳ በኋላ መናገር ከባድ ነው፤ ክትፎ የበላ ሰው እንቅልፍ እንጂ ንግግር አያምረውም። ስለዚህ ላሳጥር እሞክራለሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ አንድ ነገር በይ» ሲሉኝ ስለ ቤቶች ግንባታ እንደማወራ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ ልጆች ጨዋታ ነው። ሁለቱን ምን እንደሚያገናኛቸው ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ቆማ ወደ ታች ስታይ አገኘኋት። የምንኖረው በከተማው ምሥራቅ ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ምን እያየሽ ነው?»

«መኪና እየቆጠርኩ። ሃያ ሁለት ናቸው።»

«ለምን ወርደሽ አትጫወቺም?»

«ከማን ጋር ልጫወት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ሃያ ሁለት መኪና ቆሟል፤ አንድም ልጅ የለም። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ በአራቱ ብሎኮች ከመቶ በላይ አባወራ ይኖራል። ልጆቹ የሉም ማለት አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሲጭናቸው አያለሁ። ያሉት ቤት ውስጥ ነው።

እኔ ያደግሁት ጉለሌ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ስለነበር ሳሎናችን ውጭው ነበር ማለት ይቻላል። ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልሞሽ፣ ወንዶቹ ደግሞ ብይና የጨርቅ ኳስ። በየደጁ ምስር የምትለቅም፣ በርበሬ የምታሰጣ እናት አትጠፋም። ቀና ብላ ያየችን አይመስለንም፤ ግን ሁሉን ታያለች። ካጠፋን እሷ ትቆነጥጠናለች፤ ማታ ለእናታችን ስትነግር እናታችን ትደግመናለች። ዘመኑን ላሳምረው አልፈልግም። ቦይ ውስጥ ወድቆ እጁ የተሰበረ ልጅ ነበር። እኛ ሴቶቹም ጨዋታው ሳይሞቅ ውሃ ቅጂ፣ ሽንኩርት ላጪ ተብለን እንጠራ ነበር። ቢሆንም «ከማን ጋር ልጫወት?» ብሎ የጠየቀ ልጅ አላስታውስም።

ይህን ሳወራ ብዙ ሰው ቶሎ ይመልስልኛል። «ሞባይሉ ነው፣ ታብሌቱ ነው» ይለኛል። ሞባይል ንጹሕ ነው አልልም። ነገር ግን በእኛ ግቢ ቅደም ተከተሉን አስታውሳለሁ። ልጆቹ ከሜዳው የጠፉት ታብሌቱ እያንዳንዱ ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። ታብሌቱ የመጣው ባዶ ከሰዓት ላይ ነው። ከሰዓቱን ባዶ ያደረግነው እኛ ነን።

እንዴት? መጀመሪያ ቦታውን ልንገራችሁ። በ1996 ዓ.ም. በገርጂ የሙከራ ግንባታ ከተጀመረ በኋላ የኮንዶሚኒየም ሥራ ሲስፋፋ ብዙዎቻችን በዚያ ሥራ ውስጥ አልፈናል። እኔም ወጣት ባለሙያ ሆኜ የሳይት ፕላን ሠርቻለሁ። እንዴት እንደምንሠራው ታውቃላችሁ። ብሎኮቹን እንደረድራለን፣ መንገዱን እናስገባለን፣ የተረፈውን አረንጓዴ እንቀባለን። ያ አረንጓዴ ቀለም ማን እንደሚቀመጥበት፣ ልጅ ከየትኛው በር ወጥቶ እንደሚደርስበት፣ እናት ከየትኛው መስኮት እንደምታየው አናስብም ነበር። የማንም ያልሆነ ቦታ ደግሞ ቀድሞ ለደረሰው ይሆናል። ቀድሞ የደረሰው መኪና ነው።

የሚቀጥለውን መናገር ያሳፍረኛል። እኛ ግቢ ያ አረንጓዴ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ሜዳ ነበር፤ አቧራም ቢሆን ልጆች ኳስ ይጫወቱበት ነበር። በዚያ ዓመት የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ «ፓርኪንግ ይሁን» የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔ የመጀመሪያዬን መኪና፣ ያገለገለች ቪትስ፣ ከገዛሁ ሁለት ወሬ ነው። ልጄ ገና ዳዴ ትላለች። እጄን አወጣሁ። ማውጣት ብቻ አይደለም፤ «መሐንዲሷ ትንደፍልን» ሲባል በነጻ ነደፍኩላቸው። ሃያ ሁለት መኪና እንዲያቆም አድርጌ። በር ላይ የተሰቀለውን «ኳስ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለውንም ጽሑፍ አይቼ ምንም አልተሰማኝም። ልጄ ከስድስት ዓመት በኋላ በረንዳ ላይ ቆማ የቆጠረችው የእናቷን ንድፍ ነው።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ዳር ሰፈር የሚኖር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚማረው ራቅ ብሎ ነው። ሰርቪሱ ከ1 ሰዓት በፊት ወስዶት ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ይመሻል። ክረምት በጋ ብሎ የሚረዝም ቀን የለንም። የቤት ሥራና አስጠኚ ሲጨመርበት የቀረውን እናንተ አስሉት።

ሦስተኛውና ከባዱ ዓይን ነው። ኮንዶሚኒየም የገባነው በዕጣ ነው። ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ጎረቤት ሲፈናቀል አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ ወጣለት። ብዙው ባለዕጣ ደግሞ ቤቱን ያከራያል፤ ተከራይ ሲመጣና ሲሄድ ስሙን ሳናውቅ ይቀየራል። ስሙን የማናውቀውን ሰው ልጅ እንዴት እንቆጣለን? አንድ ጊዜ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ብቆጣ እናቱ መጥታ «አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?» አለችኝ። ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ያን ሰሞን የእኔን ልጅ የገሠጸች ጎረቤት ላይ እኔም እንዲሁ ፊቴን አጥቁሬባት ነበር። እንግዲህ ሁላችንም «ልጄን አትንኩብኝ» ካልን፣ ልጃችን ውጭ ሲሆን የሚያየው የለም ማለት ነው። የሚያየው ከሌለ ደግሞ አናወጣውም።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. ከ7 እና ከ8 ዓመት ልጆች 80 በመቶው ያለ አዋቂ ብቻቸውን ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 9 በመቶ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት በመኪና አደጋ የሚሞቱ ልጆች ቁጥር ቀንሶ ነበር። አጥኚዎቹ ያሉት ግን መንገዱ ደኅና ስለሆነ አይደለም፤ ልጆቹ ከመንገድ ስለተነሡ ነው። ሃያ ሁለቱን መኪና ሳይ ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

«ታዲያ ቤት ቢውሉ ምን አለበት?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር እንላለን አይደል? በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያው ገጠር ያሉ ተማሪዎችን ደም መርምሮ ነበር። ከፀሐይ የሚገኘው የቫይታሚን ዲ እጥረት የታየው ከገጠሮቹ በ21 በመቶው፣ ከከተማዎቹ በ62 በመቶ ያህሉ ላይ ነው። ፀሐዩ አንድ ነው፤ አንደኛው ልጅ ግን አያገኘውም።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው ሲጀመር ልጄን ይዤ ወጣሁ። መኪና የተከለከለበት ዋና መንገድ መሐል ልጆች ብስክሌት ሲነዱ፣ ገመድ ሲዘሉ አየን። ከተማው አውራ ጎዳና ከዘጋ እኛ ሃያ ሁለት መኪና ለሁለት ሰዓት ማውጣት ያቅተናል? ብዬ ለኮሚቴው አቀረብኩ። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን መብት ብሎታል ብዬ አነበብኩላቸው። ማንም ንቅንቅ አላለም። «የመኪናዬ መስታወት ቢሰበር ማን ይከፍላል?» አሉ። «እኔ» አልኩ። በዚህ ተስማማን፤ ቅዳሜ ከ9 እስከ 11 ሰዓት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አሳዘነኝ። አምስት ልጆች ወርደው ዳር ዳሩን ቆሙ። ምን እንደሚጫወቱ አያውቁም። ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ጋሼ ካልሲ በካልሲ ጠቅልለው የጨርቅ ኳስ ሠሩላቸው። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት ጎረቤቴ የቡና ዕቃዋን ይዛ ወረደች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ልጆቹን ያወጣቸው የለቀቅነው ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ቡናው ነው። እናቶች ስለተቀመጡ ልጆች ተፈቀደላቸው። እናቶች ሲቀመጡ ስም ተጠያየቁ። ስም ሲተዋወቁ ልጅ መቆጣትም ተጀመረ፤ ተቆጥተው ሲያበቁም ቡና ይጠጣሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ በቆሙት መኪናዎች መሐል ድብብቆሽ ሲጫወቱ አየሁ። የቪትሴ ስፖኪዮ ወልቋል። በቃሌ መሠረት ከፋዩ እኔው ነኝ።

ሁሉ ተሳክቷል ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ተቋረጠ። ስንጀምረው አንዳንዱ መኪናውን አላወጣም አለ፤ ዛሬም በየቅዳሜው ክርክር አለ። ልጄም ቅዳሜዎቹ ዳግም ሲጀመሩ አድጋ ነበር። «ከሕፃናት ጋር?» ብላ በረንዳው ላይ ቀረች። አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ለጎረቤት ልጆች ደርሻለሁ፤ ለእሷ ዘግይቻለሁ። ይህን ሳትሰማኝ ነው የምነግራችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ኮንዶሚኒየም እንደማትኖሩ አውቃለሁ። ቪላ ሠርታችኋል፤ ሣር አለ፣ ዥዋዥዌ አለ፣ ረጅም አጥርና ጥበቃ አለ። እስቲ ልጃችሁን ጠይቁት፤ የእሱም ጥያቄ የልጄ ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከዚህ ስንለያይ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አሁንም የምትነድፉ ካላችሁ አረንጓዴውን መጨረሻ ላይ አትቀቡት፤ መጀመሪያ የልጆቹን ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ ብሎኩን። መኪና ያላችሁ በሳምንት ሁለት ሰዓት አውጡልን። ሁላችሁም ደግሞ ነገ ከቤት ስትወጡ ደረጃው ላይ የምታገኙትን ልጅ «ስምህ ማነው? ስምሽ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የእናታቸውንም ስም ጨምሩ። ልጃችሁንም ጎረቤት ሲቆጣው ፊታችሁን አታጥቁሩ።

በግቢ ሳለን በአንድ ዶርም አልጋ ላይ አልጋ ተደርቦ ኖረናል። መምህሮቻችን ሳይሆኑ እርስ በርሳችን ነው ያሳደግነው ብል ጥቂቶቻችሁ ትስቃላችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ግን ትስማማላችሁ። ልጆቻችንም እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ያስፈልጋቸዋል።

 ቡናው እንዳይቀዘቅዝ፤ ሂዱና ጠጡ።