እርጥቡ የሺታኬ እንጉዳይ በማድ ቤት



በአማርኛ «እርጥብ» ሌላ፣ «ጥሬ» ሌላ ነው። ዛሬ ተለቅሞ የመጣ ሁሉ እሳት ሳያየው ይበላል ማለት አይደለም። ሺታኬ የተባለው እንጉዳይ ይህን ልዩነት የዘነጋውን ባለሙያ የሚያሳፍር፣ ተመጋቢውንም የሚጐዳ ነው።

«ሺ» የዛፍ ስም ሲሆን «ታኬ» በጃፓንኛ እንጉዳይ ማለት ነው። በግንድ ላይ የሚለማበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1313 ቻይናዊው ዋንግ ጄን ባዘጋጀው የግብርና መጽሐፍ ተመዝግቧል። በግንድ ላይ የተዘራው ፍሬ እስኪሰጥ ዓመት ከመንፈቅና ከዚያም በላይ ይጠይቃል፤ ሰጋቱራና ፉርሽካ ተደባልቆ በተጠቀጠቀበት ከረጢት ሲዘራ ግን በጥቂት ወራት ይደርሳል። እርጥቡ ሺታኬ ከትውልድ አገሩ ርቆ በየገበያው ሊገኝ የበቃው በዚህ ዘዴ ነው።

ደረቁን የለመደ ወጥ ሠሪ እርጥቡን በእርሱ ቦታ ሲተካ መረቁ ሳስቶ ያገኘዋል። ጥፋቱ የእንጉዳዩ አይደለም። ጃፓናዊው አኪራ ኩኒናካ እ.ኤ.አ. በ1957 የደረሰበት ጉዋኒሌት፣ ለሺታኬ መረቅ ያን ጥልቅ ጣዕም የሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ በእርጥቡ ውስጥ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው እንጉዳዩ ደርቆ፣ በውኃ ተነክሮ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ለመረቅ ደረቁ ይመረጣል። የእርጥቡ ሀብት ሥጋ መሳይ አካሉና መዓዛው ነው።

ጃፓኖች ጠንካራውን እግር ቆርጠው ባርኔጣውን በጀርባው አጋድመው በከሰል ፍም ላይ በሽቦ ያኖሩታል። ከሥሩ በተደረደሩት ስስ ነጭ ቅጠሎች ላይ ላብ የመሰለ ጠብታ ብቅ ሲል ጨው ነስንሰው፣ ሎሚ መሳይ ፍሬ ጨምቀውበት ያቀርቡታል። ያን ጭማቂ ገልብጦ በፍሙ ላይ ማፍሰስ ጣዕሙን መድፋት ነው። በመጥበሻ ሲሆን ስፋት ያስፈልጋል። ከክብደቱ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ፣ ተጨናንቆ የተጣደ ሺታኬ በገዛ ውኃው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከመጣዱም በፊት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ መዘፍዘፍ ተጨማሪ ውኃ ማጠጣት ነው። የተቆረጠው እግር አይጣልም፤ ለመረቅ ይሆናል።

ጥሬ ሥጋ ለለመደ ተመጋቢ ቀጣዩ ማስጠንቀቂያ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1977 በጃፓን ሐኪሞች አንድ የቆዳ ሕመም ገለጹ። ሺታኬን ጥሬውን ወይም ሳይበስል የበሉ አንዳንድ ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ገላቸው በጅራፍ የተገረፈ ይመስል ቀይ ሰንበር ያወጣል፤ ክፉኛም ያሳክካቸዋል። ምክንያቱ በእንጉዳዩ ውስጥ ያለው፣ ሙቀት የሚሰብረው ሌንቲናን እንደሆነ ይታመናል። ሕመሙ በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቃል፤ ሁሉንም ሰው አይይዝም። ይሁን እንጂ ከእንግዶቹ መካከል ማን እንደሚታመም ወጥ ሠሪው አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ስስ አድርጎ ከትፎ በሰላጣ ላይ መበተን፣ ለዓይን ቢያምርም፣ ሊቀር ይገባዋል። የጃፓን ወጥ ሠሪዎች በወፍራሙ ባርኔጣ ላይ የሚያወጡት የመስቀል ቅርጽ ስንጥቅም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ እስከ መካከሉ እንዲዘልቅ ያግዛል።