ሁለት ዲግሪ ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ?

በጀልዴሳ በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ያደረገችው ንግግር

የምናገረውን ወደ ኦሮምኛና ወደ ሶማሊኛ ለሚመልሱልን እህቶች አስቀድሜ ምስጋና አቀርባለሁ፤ የዛሬው ቃል ለአስተርጓሚም ያስቸግራል።

«ሁለት ዲግሪ» እና «ሁለተኛ ዲግሪ» ለጆሮ አንድ ይመስላሉ። ሁለት ዲግሪ ማለት ልጅቷ በሁለት ሙያ፣ ለምሳሌ በአካውንቲንግም በማኔጅመንትም፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ስትይዝ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ግን ማስተርስ የምንለው፣ የመጀመሪያውን ጨርሳ በላዩ የምትጨምረው ነው። የትምህርት ብድር ማመልከቻዎችን ሳይ አንዱን ለማለት ሌላው ተጽፎ አግኝቻለሁ። ገንዘቡ ከቁጠባችን የሚወጣ ነው። ስለዚህ ለየትኛው እንደምናበድር ብንነጋገር ይሻላል ብዬ ነው የተነሣሁት።

የአንዷ አመልካች ልጅ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ናት። የወጪ መጋራት ውል ስለፈረመች የምትከፍለው ሥራ ስትይዝ ነው። እናትየው ብድር የጠየቁት ከዚያ ጎን ለጎን ማኔጅመንት በርቀት እንድትማር ነው። «በአንዱ ሥራ ባይገኝ በሌላው ይገኛል» ይላሉ። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። ቀፊራ ላይ ሽንኩርት ብቻ ከያዘች ሴት ሽንኩርትም ቲማቲምም የያዘችው ባዶ እጇን የመመለስ ዕድሏ ያነሰ ነው።

የሥራ ማስታወቂያ ግን እንደ ገበያ አይደለም። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን እስቲ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። «በአካውንቲንግ ወይም በአካውንቲንግና ፋይናንስ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ እና ይህን ያህል ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ለትምህርቱ «ወይም»፣ ለልምዱ «እና» ነው። ሁለት ጎረቤት ሙያ የተማረች ልጅ በዚያ «ወይም» ውስጥ የምትቆጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልምድ ከሌላት ደግሞ ሁለቱንም ዲግሪ ይዛ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ በ«እና» የሚጨመር ሌላ ነገርም አለ፤ ፒችትሪ ወይም ሌላ የሒሳብ ሶፍትዌር መቻል። እሱን ለመማር ዓመታት አያስፈልጉም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። የመንግሥትም የግልም ተቋም ተማሪ በተማረችበት መስክ ተፈትና ከመቶ 50 ካላመጣች አትመረቅም። ሁለት ዲግሪ ሁለት ፈተና ነው። ሰዓቱስ ከየት ይመጣል? ልጃችን ለዕረፍት ስትመጣ ውኃው፣ እንጨቱ፣ ታናናሾቿ ይጠብቋታል፤ ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል። ብድር ብንሰጣት የምንገዛላት ሞጁሉን እንጂ ሌሊቱን አይደለም።

የቀድሞዎቹ መምህራን ሜጀርና ማይነር ብለው ይማሩ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ጂኦግራፊ ሜጀር፣ ታሪክ ማይነር። ያ ይጠቅም ነበር፤ መምህር ባጠረበት ትምህርት ቤት አንድ ሰው ሁለቱንም ያስተምራል። አካውንቲንግን ከሕግ ወይም ከኮምፒውተር ጋር የምትይዝ ልጅ ብትመጣም ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ፤ ሥራዎቹ በእውነት የተለያዩ ናቸውና።

አንዲት እናት ትናንት «ጀልዴሳን አታይም ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዘይላ በግመል የመጣው ጭነት እዚህ ወርዶ፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደዚያ ሄደ። በአንድ መንገድ ብቻ የኖረች ከተማ መንገዱ ሲዞር ምን እንደምትሆን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። ነገር ግን እናቴ፣ ማኔጅመንት ለአካውንቲንግ ሌላ መንገድ አይደለም፤ በዚያው መንገድ ላይ ሁለተኛ ግመል ነው።

ማስተርሱስ? እሱም መግቢያ ፈተና አለው፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የምታስብ ልጅ ያስፈልጋታል። በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ ማስተርስ ላላት የሚጠየቀው የልምድ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ቀነስ ይላል እንጂ አይቀርም። መደቡ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪ ከሆነም ደመወዙ የመደቡ ነው። ያም ሆኖ ከሁለቱ ምረጪ ብባል ማስተርሱን እመርጣለሁ። ሙያችን ባለበት አልቆመም። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ጀምሮ ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲያዘጋጁ ተደንግጓል፤ ይህንን ጠለቅ ብላ የምታውቅ ሴት ትፈለጋለች። ግን በተመረቀች ማግስት አይሁን። ሁለት ሦስት ዓመት ደረሰኝ ትቁጠር፣ የባንክ ሒሳብ ታስታርቅ፣ ኦዲተር ፊት ትቁም። ያኔ ምን ማጥናት እንደምትፈልግ ታውቃለች፤ ከደመወዟም ቢያንስ ግማሹን ትችላለች።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ይህንን ነው። ዘንድሮ ብድሩ ለሁለት ተቀራራቢ ዲግሪ አይሰጥ፤ ለአዲስ ተመራቂ ማስተርስም አይሰጥ። ቅድሚያ ለሒሳብ ሶፍትዌር ሥልጠና፣ ለመውጫ ፈተና ዝግጅት የትራንስፖርትና የመጽሐፍ ወጪ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ለሚያድጉ አባላትም ይሁን።

የመጨረሻው እኔንም ይነካል፤ የምሠራው በዲፕሎማ ነው። ስለዚህ ድምፅ ሲሰጥ እወጣለሁ፤ ዘንድሮም አላመለክትም። የእያንዳንዱን ማመልከቻ ወጪ በወረቀት አዘጋጅቼ ለሰብሳቢያችን ሰጥቻለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች አሁን ጮክ ተብሎ ይነበባል።