ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ የተማሪዎች ጉዞ አስቀድሞ እንዴት እንደሚሰናዳ

በመተማ ዮሐንስና በአካባቢው ለሚገኙ መምህራንና ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



የሰሊጥ አረምና አጨዳ በደረሰ ጊዜ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። የቆላው ሰው ይህን እንግዳ ባየው ጊዜ የሚያሰጋውን ነገር አስቀድሞ ያውቃል፤ ወባ እንደሚይዘው፥ በግራር ሥር በተሰነጠቀ ጥቁር መሬት ላይ ቢተኛም ካላዛር እንደሚያሰጋው ያውቃልና አጎበር መያዙን ይጠይቀዋል። ነገር ግን የቆላው ልጅ በተራው ወደ ደጋ በሚወጣበት ጊዜ እንደዚሁ የሚጠይቅለት ሰው ጥቂት ነው። ደጋ ጤናማ አገር ነው ስለሚባል፥ ስንቅና ገንዘብ ከተገኘ ጉዞው የተሰናዳ ይመስላል። ወደ ተራራ የሚሄድ ሰው ግን መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በከፍታም ሊለካው ይገባል፤ የዚህ ንግግር ዋና ነገርም ይህ ነው።

የጉዞው ጥቅም ታላቅ ነው። የመተማ ልጅ በደጁ የሚያልፈውን ጓንግን ያውቃል እንጂ ከየት እንደሚነሣ አላየም። ከጣና በስተ ሰሜን ወዳለው ደጋ ቢወጣ የጓንግን መነሻ አገር ያያል፤ በጣና ዳር ቢቆም ዐባይ የሚወጣበትን ባሕር ያያል፤ ወደ ስሜን ቢሻገርም ውኃው ወደ ተከዜ የሚወርደውን ተራራ ያያል። ተከዜ በሱዳን ምድር ከጓንግ ጋር ይገናኛል፤ ሁሉም በመጨረሻ በዐባይ አንድ ይሆናሉ። ይህን በዐይኑ ያየ ልጅ ካርታን እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ አገሩ አድርጎ ያነበዋል።

እንግዲህ ከፍታውን እንመልከት። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ነው። ጣና 1,800 ያህል፥ ጎንደር ከ2,100 በላይ፥ ደባርቅ 2,800 ያህል፥ በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ሰፈር 3,250 ያህል ነው። ራስ ደጀን ግን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከመተማ ተነሥቶ ሳንቃበር የደረሰ ልጅ 15 ዲግሪ የሚያህል ሙቀት በኋላው ትቶ ወጥቷል። አየሩም ስለሚሳሳ ትንፋሹ ያጥረዋል።

ይህን ከፍታ በአንድ ቀን መዝለል አይገባም፤ መንገዱ ራሱ ደረጃ ሠርቶለታል። በመጀመሪያው ቀን ከመተማ በገንዳ ውኃና በአይከል አድርጎ እስከ አዘዞ፥ ከዚያም በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ ወርዶ በጣና ዳር ማደር፤ በሁለተኛው ቀን በጎንደር፥ በሦስተኛው በደባርቅ፥ በአራተኛው በሳንቃበር ማደር ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ሰውነት በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይለምዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ግን የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይሻላል። ለተማሪዎች ሳንቃበር ይበቃል፤ ራስ ደጀን ለጐልማሳ ይቆይ።

ጊዜውም ይመረጥ። ክረምቱ ጭቃና ጉም ነው፤ መኸሩ በቆላ የወባ ወራትና የሥራ ወራት ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር ወር መንገዱ ደረቅ፥ ሰማዩም ጥሩ ነው፤ ሌሊቱ ግን ብርቱ ውርጭ አለበት። ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ቀናቸው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ባሕረ ሐሳቡን ተመልክቶ ስንቁን ማስማማት ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመንገዱ ጸጥታ ከአስተዳደሩ ይጠየቅ፤ መንገዱ ያልጸና እንደ ሆነ ጉዞው ለሌላ ዓመት ይቆያል እንጂ በልጅ ነፍስ አይሞከርም።

ስለ ልብስና ስለ ስንቅ። ለመተማ ሌሊት የሚበቃው ነጠላ ለስሜን አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፥ ሹራብ፥ የእግር ሹራብና ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ነገር ያስፈልገዋል። ድንኳን ነፋስን ይከለክላል እንጂ ከመሬት የሚወጣውን ብርድ አይከለክልም። ውኃ በመተማ በ98 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ በሳንቃበር በ89 ያህል ስለሚፈላ፥ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ብዙ ጊዜና ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ስለዚህ የቀድሞ ዘማቾች ስንቅ ይሻላል፤ በሶ፥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ እሳት አይፈልጉም፥ ለጾምም ይሆናሉ።

ስለ ዱሩ ደግሞ ይታሰብ። የስሜን ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ነው። ዋልያ፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ጭላዳ ሣር በል ነውና ምግብ አይወርወርለት። አስታ ለማገዶ አይቈረጥ፤ ጅብራም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚደርቅ ስለ ሆነ ሳያብብ የሰበረው ሰው ዘሩን ጭምር አጠፋው። የሚነደው ነገር ከደባርቅ ተገዝቶ ይያዝ። የመግቢያ ፈቃድም፥ ስካውት የሚባለው ጠባቂም የሚገኘው በዚያው በደባርቅ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው።

አሁን ወደ ብርቱው ነገር እንመጣለን፤ እርሱም በሽታ ነው። በጎርጎራ ዳር የቢልሃርዝያ በሽታ ስለሚያሰጋ ልጆቹ በባሕሩ አይዋኙ፤ በዚያም ወባ አለና በአጎበር ይተኙ። በተራራው ላይ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያገኘው ልጅ ከፍታው ከብዶታልና ወደ ላይ አይለፍ። ዐርፎ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ሲሄድ የሚንገዳገድ ልጅ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ታች ይውረድ። ለዚህ የሚሆን መኪና አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ትኵሳት ግን የከፍታ ምልክት አይደለም። ወባ ከነደፈች በኋላ በሽታው ከ7 እስከ 30 ቀን ድረስ ተሸሽጎ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ በመተማ የተነደፈ ልጅ ትኵሳቱ በስሜን ላይ ሊነሣበት ይችላል። ቢንቀጠቀጥ ብርድ ነው ይሉታል፤ ጋቢ ይደርቡለትና እስኪነጋ ይጠብቃሉ። በወባ ነገር ግን አንዲት ሌሊት ብዙ ናት። ከፍ ባለው ደጋ ወባ ስለማትገኝ ያከመውም ሰው ላያስባት ይችላል። ስለዚህ ትኵሳት ያለበት ልጅ ፈጥኖ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ወሳጁም መምህር ከሁሉ አስቀድሞ፥ «ይህ ልጅ ከመተማ የመጣ ነው፤ ደሙ ለወባ ይመርመር» ብሎ ይናገር።

መምህራን ሆይ፥ የእያንዳንዱን ልጅ ስም፥ የወላጁን ፈቃድና በወሩ ውስጥ ታሞ እንደ ነበረ ሳትጽፉ አትነሡ። ሽማግሌዎች ሆይ፥ ወላጅ የልጁን ሕመም ከጉዞው እንዳይቀርበት ብሎ እንዳይሸሽግ ምከሩት። ታሞ የሰነበተ ልጅ ዘንድሮ ቢቀር ተራራው ለከርሞ ይጠብቀዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።