ሞላር እርግዝናና ተከትሎት የሚመጣው የካንሰር ሥጋት



እንደ መካነ ኢየሱስ ባለች የወረዳ ከተማ አንዲት እርጉዝ ደም ሲፈሳትና ሆዷ ከወሯ በላይ ሲገፋ፣ ጎረቤት ምክንያቱን የሚፈልገው ከሴቲቱ ነው፤ ወይ ከባድ ሸክም አነሣች ይባላል፣ ወይ ቡዳ በላት። ሞላር እርግዝና ግን የሚጀምረው ዘርና ዕንቁላል በተገናኙበት ቅጽበት ነው። እንግዴ ልጅ ሊሆን የተሰናዳው ሕዋስ ያለ ልክ ይባዛና ውኃ በቋጠሩ፣ እንደ ወይን ዘለላ በተንዠረገጉ ከረጢቶች ማኅፀኑን ይሞላዋል።

ጃፓናውያኑ ካጂና ኦሃማ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳዩት፣ በሙሉው ሞላር ውስጥ ያሉት 46 ክሮሞሶሞች ሁሉም የአባት ናቸው። የራሱን ክሮሞሶሞች ያጣ ዕንቁላል አንድ የወንድ ዘር ይቀበልና የዘሩ 23 ክሮሞሶሞች ራሳቸውን ይደግማሉ፤ አልፎ አልፎም ሁለት ዘሮች ይገባሉ። ከፊል ሞላር በሚባለው የእናትም ድርሻ አለ፤ የአባት ግን እጥፍ ስለሚሆን ድምሩ ብዙውን ጊዜ 69 ነው። ከአባት የሚመጡት ጂኖች እንግዴ ልጅን ወደ ማሳደግ ያደላሉ፤ የእናት ልጓም ሲጎድል ዕድገቱ መረን ይወጣል። ይህ የአጋጣሚ መዛባት ነው። ወቀሳውን ከሚስት አንሥቶ በባል ላይ መጫንም ዕውቀት አይሆንም።

በዘር የሚወረሰው ዓይነት እጅግ ጥቂት ነው። ሞላር ደጋግሞ በሚደርስባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ሴቲቱ ኤንኤልአርፒ7 የተባለውን ጂን ከእናቷም ከአባቷም ተበላሽቶ ትወርሳለች፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እንዲህ ያለው ውርስ የሚበረታው ዘመድ ከዘመድ በሚጋባበት አገር በመሆኑ፣ ሰባት ቤት መቁጠር ያለ ቤተ ሙከራ የተገኘ መከላከያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከነዚህ ቤተሰቦች ውጭ፣ አንድ ጊዜ ሞላር የደረሰባት ሴት ዳግመኛ የሚያጋጥማት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያህል ነው።

ካንሰሩን በሚመለከት ግን ጉዳዩ ይከብዳል። ሙሉው ሞላር ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ከመቶ ሴቶች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ የቀረው ሕዋስ ማደጉን ይቀጥላል፤ በከፊሉ ከ5 አይበልጡም። የትኛዋ እንደምትታመም ጂኑ አስቀድሞ አይናገርም፤ የሚናገረው በደም ውስጥ የሚለካው የእርግዝና ሆርሞን ነው። መሐንዲስ የድልድይን መስመጥ በአንድ ንባብ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ እዚህም ፍርዱ ያለው በተከታታዩ ልኬት ነው፤ ሆርሞኑ እስኪጠፋ በየሳምንቱ፣ ከዚያም ለሙሉው ሞላር ብዙውን ጊዜ በየወሩ እስከ ስድስት ወር። አዲስ እርግዝና ያንኑ ሆርሞን ስለሚያወጣ ልኬቱን ያደናግራል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ የወሊድ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። አማት “ሌላ ልጅ ቶሎ” በምትልበት ቤት ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ሕክምናው አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ሊ፣ ሄርትዝና ስፔንሰር ሜቶትሬክሴት በተባለው መድኃኒት የተሰራጨ የእንግዴ ልጅ ካንሰር መመለስ መቻሉን አስታወቁ። ዛሬ በጊዜ የተደረሰላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ይድናሉ፤ ብዙዎቹም ኋላ ይወልዳሉ። የሚያስቸግረው የእስቴ ገበሬ ሚስት በአጨዳ ወቅት በአንበሳሜና በሐሙሲት አድርጋ በየሳምንቱ ባሕር ዳር መመላለሷ ነው። ይህን ያህል መንገድ ሴቲቱ ከምትሄድ የደሟ ናሙና ቢሄድና ውጤቱ በስልክ ቢመለስ፣ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ የምትቀረው ሴት ቁጥር ይቀንስ ነበር።