የጥልቅ ሐይቅ ዓሣና የመሐንዲስ ጥያቄ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ እንድናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ዓሣ ነው። ዓሣው ራሱ ወደ ሙያችን ይመልሰናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለትምህርት በአሜሪካ ሳለሁ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ መሐንዲስ በአይዳሆ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ፔንድ ኦሬይ ሐይቅ ይዘውኝ ሄዱ። የሐይቁ ጥልቀት 350 ሜትር ያህል ነው፤ ከእኛው ከሻላም ይበልጣል። በዚያ የሚጠመደው ኮካኒ ወደ ባሕር ሳይወርድ ዕድሜውን በጣፋጭ ውሃ የሚፈጽም የሳልሞን ዓይነት ነው። ዋና ምግቡም በብርሃን እያየ የሚለቅማቸው ደቃቅ የውሃ ነፍሳት ናቸው።

አጠማመዱ እንዲህ ነው። ጀልባዋ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች መንጠቆውን ከኋላዋ ትጎትታለች። ክሩ በመቆንጠጫ ከአንድ ሽቦ ጋር ይያያዛል፤ በሽቦው ጫፍ የተንጠለጠለው ድብልብል እርሳስ መንጠቆውን ወደሚፈለገው ጥልቀት ያወርደዋል። ከመንጠቆው ፊት የሚያብረቀርቅ ዝርግ ብረት እየተወዛወዘ ዓሣውን ይስባል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቅና ጎብጦ የነበረው ዘንግ ቀጥ ይላል። የኮካኒ አፍ ስስ ስለ ሆነ በኃይል የሚጎትት ሰው አፉን ቀድዶ ባዶ መንጠቆ ያወጣል።

እኔም መንጠቆዬን ባለፈው ቀን ብዙ ዓሣ ወደ ተገኘበት ጥልቀት አወረድሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አልነካውም። ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ትናንት ደመና ነበር፤ ዛሬ ፀሐይ ነው። አንተ ቁጥሩን ወሰድህ እንጂ ምክንያቱን አልወሰድህም» አሉኝ። ብርሃኑ ሲበረታ ዓሣው ወደ ታች መውረዱንም በድምፅ ሞገድ መሣሪያው አሳዩኝ። እርሳሱን ዝቅ አደረግሁ፤ ጥቂት ቆይቶም ዘንጉ ቀጥ አለ።

ከዚያ በኋላ የሐይቁን ታሪክ ነገሩኝ። በ1949 በካናዳ በሚገኘው በኩትኒ ሐይቅ ለዓሣ ምግብ እንዲሆን ተብሎ ሚሲስ የሚባል ትንሽ ሽሪምፕ ተጨመረ። በሐይቁ ምዕራባዊ ክንድ ያሉ ኮካኒዎች እርሱን እየበሉ ሰቡ። ይህ በመታየቱ ሽሪምፑ ወደ ብዙ ሐይቆች ተወሰደ፤ ከ1966 ጀምሮም ወደ ፔንድ ኦሬይ ገባ። ነገር ግን በኩትኒ ውጤቱን ያስገኘው ሽሪምፑ ብቻ አልነበረም። ውሃው ከጥልቁ ክፍል ወደዚያ ጥልቀት የሌለው ክንድ ሲፈስ ሽሪምፑን ዓሣው ሊያየው ወደሚችልበት ብርሃን ያወጣዋል። በሌሎቹ ጥልቅ ሐይቆች ግን ሚሲስ ቀን ቀን በጨለማው ውስጥ ይደበቃል፤ ሌሊት ወደ ላይ ወጥቶ የኮካኒን ምግብ ይበላል። ምግብ ይሆናል የተባለው ተሻሚ ሆነ።

በሞንታና ግዛት በፍላትሄድ ሐይቅ የደረሰው ደግሞ የባሰ ነው። ሽሪምፑ የተጨመረው ከበላዩ ባሉ ሐይቆች ነበር፤ በውሃ ተወስዶ በ1981 ፍላትሄድ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ሐይቅ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ማክዶናልድ ጅረት የሚወጡት ኮካኒዎች በ1985 ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በ1989 ግን 50 ያህል ብቻ ሆኑ። ለዚሁ ዓሣ ሲሉ በ1981 ከ600 በላይ ንስሮች በጅረቱ ዳር ተሰብስበው ነበር፤ በ1989 የተቆጠሩት 25 ያህል ናቸው።

በፔንድ ኦሬይም ሽሪምፑን እየበላ የበዛው ሌክ ትራውት የሚባል አዳኝ ዓሣ ወደ ኮካኒው ዞረ። የአልበኒ ፎልስ ግድብም በበረዶው ወራት የሐይቁን ከፍታ ዝቅ ሲያደርግ እንቁላል የሚጣልባቸው የዳርቻ ጠጠሮች ይራቆቱ ነበር። ይህኛው የእኛው ሙያ ድርሻ ነው። በ2000 ኮካኒ ማጥመድ ተከለከለ። ከ2006 ጀምሮ ትራውቱን በመረብ በማውጣትና ለሚያጠምዱት ሰዎች ገንዘብ በመክፈል ብዙ ከተደከመ በኋላ በ2013 እንደገና ተፈቀደ። ሽሪምፑን ማስወጣት ግን አልተቻለም።

ይህን በሰማሁ ጊዜ በሌሎች ለመፍረድ አልደፈርሁም። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን በአንድ የገጠር ቀበሌ የውሃ ማጣሪያ ስሠራ ንድፉን በሌላ ቦታ በሚገባ ከሚያገለግል ማጣሪያ ገልብጬ ነበር። ያኛው ውሃውን የሚያገኘው ከጠራ ምንጭ ነው፤ የእኔው ደለል ከሚያወርድ ወንዝ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት አሸዋው ተደፈነ፤ ሴቶቹም እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ተመለሱ። ስሌቱ ሲመረመር ስሕተት አልተገኘበትም። የጎደለው ሳልጠይቀው የቀረሁት ጥያቄ ነበር።

ጓደኞቼ፤ መልካም ሥራን ከሌላው መውሰድ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም ከቀደሙን የተማርን ነን። ነገር ግን ከመውሰዳችን በፊት፣ እዚያ የሠራው በምን ምክንያት ነው? ያ ምክንያትስ እዚህ አለ ወይ? ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በንድፋችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንጻፈው። መልሱ ካልታወቀን በትንሹና ሊመለስ በሚችል መንገድ እንሞክር። በእኛ ስሕተት ውሃ የሚያጣው ሌላ ሰው ነውና።