ለአንድ ቀን የተራራ ጉዞ መሰናዳት፦ የወንጪና የደንዲ ምሳሌ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር የተሸከመ ነው። ከደመና እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ በቀዝቃዛ አገር እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚረግፈውም፣ ረግቶ ድንጋይ የሆነውም ውሃ በዚሁ በአንድ ስም ይጠራሉ። ሌሊት ሣሩን የሚያነጣውን ግን ሕዝቡ ውርጭ፣ አመዳይ እያለ ለይቶ ያውቀዋል። ደገኛው በየዓመቱ የሚገናኘው ከጠጠሩ በረዶና ከውርጩ ጋር ነውና፤ የሚረግፈው በረዶ ከጥቂት ከፍተኛ ተራሮች በቀር የማይታይ እንግዳ ነው።

ሆኖም እንግዳው በታሪክ የታወቀ ነው። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ገልብጦ ያቆየው ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተገለጸ ንጉሥ ወደ ስሜን ተራሮች መዝመቱንና እዚያም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ መኖሩን ይተርካል። ዛሬም ከፍታው 4,500 ሜትር ያህል በሆነው በራስ ዳሸን ጫፍ በረዶ አልፎ አልፎ ይወርዳል፤ ነገር ግን ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተራሮች ግን የክረምቱ በረዶ ጸደይ ከገባ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚያ ወቅት የሚጓዙ ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ። ሌሊት የረጋው በረዶ በማለዳ ሰው ይሸከማል፤ ፀሐይ ስትበረታበት ግን ይላሽቃል፣ እግር ይውጣል፣ በቁልቁለትም ላይ ተንዶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት በሰላም የታለፈው መንገድ ከቀትር በኋላ መመለሻ መሆኑ ይቀራል። የምዕራብ ሸዋ ተራሮች እንዲህ ያለ በረዶ ባይኖርባቸውም ሕጋቸው ያው ነው፤ ጠዋቱ የመንገደኛው፣ ከቀትር በኋላው የተራራው ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ የተራራ ጉዞ መታቀድ ያለበት ከመመለሻው ሰዓት ተነሥቶ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አምቦ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች። በስተደቡቧ ደንዲና ወንጪ የተባሉት ጥንታውያን የእሳተ ገሞራ ተራሮች ይነሣሉ። የወንጪ አፋፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ሐይቁ ደግሞ በ2,900 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ጎረቤታሞች ቢሆኑም ውሃቸውን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይልካሉ፤ ከደንዲ የሚነሣው ሁሉቃ በአምቦ በኩል ወርዶ በጉደር በኩል ወደ ዓባይ ሲገባ፣ የወንጪው ውሃ ወደ ኦሞ ይሄዳል። በስተሰሜን በጄልዱ ወረዳ ባለችው በጎጆ ከተማና በዙሪያዋ የሚኖረው ገብስና ድንች አምራች ሕዝብም ያንኑ የደጋ ብርድ ያውቀዋል።

የወንጪ ጉዞ አንድ ስውር ችግር አለው። በሌላ ተራራ መንገደኛው ጉልበቱ ሳይደክም ይወጣል፤ ሲደክም ይወርዳል። በወንጪ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ጉዞው የሚጀመረው ከአፋፉ ስለሆነ ጠዋት በቁልቁለት እየተሳቁ ይወረዳል፤ ሐይቁ ይታያል፤ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተሻግሮ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይጎበኛል፤ ምሳ ይበላል። ዳገቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ጉልበት ባለቀበትና ደመና በተሰበሰበበት ሰዓት ነው። በበልግ ወራት ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ የዋለችበት አየር ወደ ላይ እየወጣ ስለሚቀዘቅዝ፣ ነጎድጓድና በረዶ የሚበዙት ከቀትር በኋላ ነው።

የጊዜውን ስሌት በተመለከተ፣ ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው ቀላል ደንብ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይታሰባል። መንገዱ 15 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ በድምሩ 600 ሜትር ቢሆን 4 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህ ግን በደህና መንገድ ለሚሄድ ብርቱ ሰው ነው። ለጭቃው፣ ለአየሩ መሳሳትና ለማኅበሩ ብዛት ግማሽ ሲጨመርበት 6 ሰዓት፣ ለምሳ፣ ለጀልባና ለዕረፍት 2 ሰዓት ሲታከልበት 8 ሰዓት ይሞላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከአፋፉ የተነሣ ማኅበር እንግዲህ የሚመለሰው በ10 ሰዓት ነው። የመጨረሻው ዳገት ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ማለትም ዝናብና በረዶ በሚያሰጋበት ሰዓት ላይ ይወድቃል።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ በዋዜማው ወንጪ አድሮ በማለዳ 12 ሰዓት መነሣት፣ ወይ መንገዱን ማሳጠር። ከሁሉም በላይ ግን የመመለሻው ሰዓት ከቤት ሳይወጡ ይወሰን። ከሐይቁ ዳር እስከ አፋፉ 2 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነና በ8 ሰዓት አፋፉ ላይ መገኘት ካስፈለገ፣ ደሴቲቱ ታየችም አልታየችም በ6 ሰዓት ከሐይቁ መነሣት ግዴታ ነው። ይህን ውሳኔ በሥፍራው ለመወሰን የሚሞክር ሰው፣ የውሃው ውበትና የባልንጀሮቹ ልመና ያሸንፉታል። በዚህ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ግድም ስለምትጠልቅና ድንግዝግዙም አጭር ስለሆነ፣ የዘገየ መንገደኛ የሚታደገው ረጅም ምሽት የለውም።

አለባበስን በሚመለከት፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለሆነም የወንጪ አፋፍ ከአምቦ ይልቅ በ7 ወይም በ8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ የራሰ ልብስና ነፋስ ከተጨመሩ፣ የሰውነት ሙቀት ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ለዚህ ውርጭ አያስፈልግም። ጋቢ በደረቅ ብርድ ግሩም ነው፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ሲርስ ሙቀት አይይዝም። የደጋው ሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖስና ባና መልበሱ ያለ ምክንያት አይደለም። በከረጢት ውስጥ ደረቅ የሱፍ ሹራብና ዝናብ የማያሳልፍ ልብስ ሊኖር ይገባል። የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የሚኮላተፍ፣ እግሩ የሚደናቀፍ ጓደኛ ከታየ፣ ሁሉም ቆሞ የራሰውን ልብስ ያውልቅለት፣ ደረቁን ያልብሰው፣ ከነፋስም ያስጠልለው።

መብረቅ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ከ30 ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ካለፈ፣ አደጋው ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ከአፋፍና ከጉብታ መውረድ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር አለመጠለል ያሻል። የማኅበሩ ፍጥነት በብርቱው ሳይሆን በደካማው ይለካ፤ የጉዞውም መሪ ከኋላ የሚመጣውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይመድብ። የተሳታፊዎች ስም፣ መንገዱና የመመለሻው ሰዓት በከተማ ለቀረ ሰው በጽሑፍ ይተው።

ወንጪ በ2012 ዓ.ም. ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ተመዘገበ። ጎብኝ ሲበዛ ተራራውን እንደ ከተማ መናፈሻ የሚቈጥረውም ይበዛል። ፈረስና ጀልባ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚያሳየው የአካባቢው ሰው ግን ደመናው ከየት እንደሚነሣ ያውቃል። «ዛሬ አይሆንም» ሲል ቃሉ ይከበር፤ ገንዘቡን እየተወ የሚናገር ሰው ነውና።

ያው በረዶ ለመንገደኛው የአንድ ቀን ችግር ነው፤ ለገበሬው ግን በአንድ ሰዓት የዓመት ገብሱን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ገበሬው ሰማዩን በጠዋት ይመለከታል፤ በሰማዩም አይቀልድም። ወደ ተራራው የሚወጣ ማኅበርም ሌላ ነገር ሁሉ ቢረሳ ይህን ልማዱን ቢወርስ፣ ሐይቁ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይጠብቀዋል፤ እርሱም በሙሉ ቍጥሩ ወደ ቤቱ ይገባል።