ነፃው ባለበት የሚሸጥ ተርሚናል

እሱ፦ ተርሚናል ትእዛዝ እየተየብን ኮምፒውተርን የምናዝበት መስኮት ነው። ማክም ዊንዶውስም አብረው ይሰጡታል፤ ከሩቅ ሰርቨር ጋር ለመገናኘት ደግሞ ሳይመን ታተም የጻፈው ፑቲ የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ታዲያ ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራመር ይህን ለማን ይሸጣል? እኔ ገበያ የለውም ባይ ነኝ።

እሷ፦ ተርሚናል ከመሣሪያው ጋር አብሮ የማይመጣበት ቦታ አለ እኮ። አይፎንና አይፓድ ከፋብሪካ ሲወጡ ተርሚናል የላቸውም፤ ብሊንክ ሼል የተባለው መተግበሪያ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። የሚገርመው፣ ኮዱ በጂፒኤል ፈቃድ ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ በአፕል መደብር በአፕ ስቶር በገንዘብ ይሸጣል። ዕውቀቱ ያለው ሰው ኮዱን አውርዶ ራሱ ስልኩ ላይ ሊጭነው ይሞክር ይሆናል፤ ነገር ግን በነፃ የገንቢ አካውንት የተጫነ መተግበሪያ ከ7 ቀን በኋላ መሥራቱን ያቆማል፣ እንደገና መጫን ይኖርበታል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለኮዱ ሳይሆን ከዚህ ጣጣ ለመገላገልና ነገ አዲስ የአይፎን ሥርዓተ ክወና (አይኦኤስ) ሲወጣ መተግበሪያውን የሚያስተካክልለት ሰው እንዲኖረው ነው።

እሱ፦ እሺ፣ ግን የአንድ ጊዜ ክፍያ የዓመታት ጥገና አይሸፍንም። አፕልም ድርሻውን ይቆርጣል።

እሷ፦ ይቆርጣል። መደበኛው 30 በመቶ ነው፤ ዓመታዊ ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ለማይበልጥና ለተመዘገበ ገንቢ ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 15 በመቶ ሆኗል። በጥገናው ልክ ነህ፤ ዓመታዊ ክፍያ የመጣውም ለዚሁ ነው። ተጠቃሚው ያጉረመርማል፣ አልፈርድበትም። ቢሆንም አንዴ ከፍሎ ዕድሜ ልክ ይጠገንልኝ ማለት ሌላው በነፃ ይሥራልኝ ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ክርክርህን እቀበላለሁ፤ እዚያ ከፑቲ ጋር ሊፎካከር የሚነሳ ብቸኛ ፕሮግራመር ባይጀምር ይሻለዋል።